ከቆቃ እስከ ክሬጊበርን፦ የትራንስፎርመር ድርሻ በኤሌክትሪክ ታሪካችን

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተተረከው በግድቦች ስም ነው። አባ ሳሙኤል፣ ቆቃ፣ ጢስ ዓባይ፣ ፊንጫ እያልን የመንግሥታትን ዘመን እንቆጥርባቸዋለን። ይሁን እንጂ ግድብ የኃይል መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዘንድ እምብዛም የማይወሳውን ትራንስፎርመርን ማስተዋወቅና፣ «ብርሃኑ ለማን ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ መሣሪያ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከማግኔት ነው። በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። በ1831 እንግሊዛዊው ፋራዴይ ተገላቢጦሹን አገኘ። በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎችን ለየብቻ ጠምጥሞ፣ በአንደኛው ኮረንቲ ሲለቀቅና ሲቋረጥ በሁለተኛው ውስጥ ለቅጽበት ኮረንቲ እንደሚነሣ ተመለከተ። ኮረንቲው ሳይለዋወጥ ሲፈስ ግን በሁለተኛው ላይ ምንም አልታየም። ስለዚህ ኮረንቲን የሚያስነሣው የማግኔቱ ኃይል መኖር ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ጥቅልል ሽቦ ብቻውን ሲሆንም ይህ ባሕርይ አይለየውም፤ በውስጡ የሚያልፈው ኮረንቲ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ሲል የራሱ ማግኔታዊ መስክ ለውጡን ይቃወማል። ኢንዳክተር የሚባለው ይኸው ነው፤ መለኪያውም በአሜሪካዊው ሊቅ በጆሴፍ ሄንሪ ስም ተሰይሟል።

በ1885 የቡዳፔስቱ የጋንዝ ፋብሪካ መሐንዲሶች ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ የፋራዴይን ቀለበት ለሥራ የሚበቃ ትራንስፎርመር አደረጉት። የመጀመሪያው ጥቅልል 100፣ ሁለተኛው 1,000 ዙር ቢኖረው ቮልቱ ዐሥር እጥፍ ያድጋል፤ በአንጻሩ ኮረንቲው ወደ ዐሥረኛ እጁ ይወርዳል። መሣሪያው ኃይል አይፈጥርም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነው፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ የሚታሰብ በመሆኑ፣ ኮረንቲው ወደ ዐሥረኛ ሲወርድ ብክነቱ ወደ መቶኛ ይቀንሳል። ኃይል ሩቅ መንገድ የሚጓዘው በዚህ ነው። ከፍ ያለው ቮልት ግን ለመኖሪያ ቤት አይሆንም፤ በመጨረሻ የሚያወርደው ሌላ ትራንስፎርመር ያሻል።

በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ጣቢያ በ1960 ሲጠናቀቅ 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ ኃይሉም በ132 ሺህ ቮልት መስመር ወደ አዲስ አበባ ተላከ። በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ጣቢያም ከሁሉ አስቀድሞ የታሰበው ለባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ቮልቱን መጀመሪያ ወደ 15 ሺህ፣ ቀጥሎም ወደ 380 እና 220 የሚያወርድ ማከፋፈያ ካልተተከለለት፣ በመስመሩ ሥር ለሚያርሰው ገበሬ ምሰሶው ከጥላ ያለፈ ጥቅም የለውም። እርግጥ ማከፋፈያ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጥቂት አምፖል ለሚያበራ መንደር መትከል አያዋጣም የሚለው ክርክርም ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ይህ የሒሳብ ውሳኔ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የገጠር ከተሞችን በስፋት ለማዳረስ የታቀደው ፕሮግራም የተጀመረው ቆቃ ከተመረቀ ከአርባ አምስት ዓመታት በኋላ፣ በ2005 ነው።

ውሳኔው በሀብታም አገርም ያው መሆኑን ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀባት ክሬጊበርን ትመሰክራለች። የሜልበርን የከተማ ባቡር በ1919 ከሳንድሪንግሃም እስከ ኤሰንደን በኤሌክትሪክ መሄድ ጀመረ፤ ሽቦው በ1921 ብሮድሜዶውስ ደረሰ። ክሬጊበርን የገባው ግን በ2007 ነው፤ ለ86 ዓመታት ባቡሩ የጥቂት ኪሎ ሜትሮችን መንገድ ያለ ሽቦ ሲመላለስ ኖሯል። ባቡሩ የሚሄደው በ1,500 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነና ይህም ሩቅ ስለማይጓዝ፣ ሽቦው በተራዘመ ቁጥር ከፍተኛውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ በትራንስፎርመር አውርደው ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡ ጣቢያዎች መትከል ግድ ነው። እነዚህም የተተከሉት የከተማዋ ነዋሪ ሲበዛ ነው።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። ከ2022 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ኃይል የሚያሻግረው 500 ሺህ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ቀጥተኛ ኮረንቲ ደግሞ፣ ፋራዴይ እንዳየው፣ በትራንስፎርመር አይወርድም፤ በመሥመሩ መካከል ለሚኖረው ሕዝብ ኃይሉን ለመቁረስ እጅግ ውድ የሆነ መለወጫ ጣቢያ ያስፈልጋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ሲመረቅ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ብርሃን አላገኘም ነበር።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ታሪካችን ተመራማሪ የሜጋ ዋቱን መጠን ከመዘርዘር አልፎ፣ እያንዳንዱ ማከፋፈያ መቼ፣ የት፣ በማን ውሳኔ እንደ ተተከለ መመርመር ይኖርበታል። ይህን ከሚያውቁት የቀድሞ የመብራት ኃይል ሠራተኞች መካከል በስደት የሚኖሩ አሉ፤ ዕድሜያቸው ሳይገታቸው ቃላቸውን መመዝገብ የእኛ ፈንታ ነው።