ባቡሩ ዞሮ ሲሄድ

ዛሬ የጻፍኩት ትንሽ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አሁን አንብቡት፤ የሌላችሁ ደግሞ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ተመለሱበት።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ አጼ ምኒልክ ዘመን እያስተማርኩ «ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የባቡር ከተማ ይባላል እንጂ ባቡሩ የታለ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጁ እኮ እውነቱን ነው። እሱ ነፍስ ሳያውቅ የድሮው ባቡር ቆሟል። ለሱ ለገሃር ማለት አሮጌ ሕንጻ ነው፣ በቃ።

እኔ ባለ ዲፕሎማ አስተማሪ ነኝ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ክፍል ውስጥ በሳቅ ያለፍኩትን ጥያቄ እዚህ ልመልሰው።

ከመነሻው እንጀምር። በ1886 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡት። ኢልግ ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ገንዘብ አፈላልጎ፣ በ1890 ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ያኔ ትልቋ የንግድ ከተማ፣ የራስ መኮንን መቀመጫ ስለነበረች ባቡሩ እዚያ እንዲገባ ነበር የታሰበው። ችግሩ ሐረር ተራራ ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ። ያንን ዳገት ባቡር ለማስወጣት ወጪው የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ መስመሩ ተራራውን ትቶ ቆላ ቆላውን ያዘ። በ1895 ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከተራራው ግርጌ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት እሷን ነው።

ይቺን ነጥብ ያዙልኝ። ድሬ የተወለደችው ባቡሩ ሐረርን ዞሮ ስላለፈ ነው። የኛ ልደት የሐረር ነጋዴ ኪሳራ ነበር።

ከዚያ ሌላ ዕድል መጣልን። የባቡር ኩባንያው ከሰረ፤ መስመሩም ድሬ ላይ ለዓመታት ተገትሮ ቀረ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በነዚያ ዓመታት ዕቃው ሁሉ ከባቡር የሚወርደውና በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚሁ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ መጣ። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ተሠራች፤ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ በራሷ መልክ ደመቀች። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ገበያ ላይ ተገናኘ። የድሬ ልጅ ሦስት አራት ቋንቋ እየቀላቀለ ሲያወራ ብታዩት አይግረማችሁ። ገበያው ነው ያስተማረው።

መስመሩ ሲያልቅ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ መሐሉ ላይ ያለችው ድሬ ደግሞ ዋናው የጥገና ቦታ ሆነች። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተጨመሩ። ጥሬ ዕቃውም መለዋወጫውም በባቡር ይመጣል፣ ምርቱም በባቡር ይሄዳል።

አባቴ እዚያ ጥገና ቤት ቶርኖ ላይ ነበር የሚሠራው። በልጅነቱ ዕቃ አቀባይ ሆኖ ገብቶ፣ ከአንድ አሮጌ ሠራተኛ እግር ሥር ሆኖ ነው ሙያውን የለመደው። ፈረንሳይኛ በደብተር አልተማረም፤ የእያንዳንዱን ብሎንና መፍቻ ስም ግን በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠራው። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወር ሁለት ወር ይፈጃል፤ ባቡሩ ግን ነገ መሄድ አለበት። ስለዚህ የተሰበረውን ክፍል ለክተው፣ ብረቱን ቆርጠው፣ ራሳቸው ይሠሩታል። «እኛ ጋ የለም የሚባል ዕቃ የለም፤ ገና ያልተሠራ ዕቃ ነው ያለው» ይል ነበር አባዬ።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ እንዴት ቆመ? ብዙ ሰው «መንግሥት ተወው» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል።

በ1967 ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ድልድይ ፈረሰ፣ መስመሩ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ከተማዋ ተረፈች፣ ባቡሩም ቆይቶ ተነሳ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሀዲዱ አረጀ፣ ፉርጎው አረጀ፣ ከመስመር መውጣት በዛ።

ትልቁ ምት ግን እኛ ልብ ያላልነው ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብ ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጅቡቲ ላይ ዕቃ ሞላ ማለት ድሬ ልትደምቅ ነው ብለን ጠብቀን ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ጅቡቲ ብትደምቅም ዕቃው በከባድ መኪና በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጎ መሐል አገር ገባ። ድሬን ሳያይ! አሮጌው ባቡር ያንን ሁሉ ጭነት የሚሸከምበት አቅም አልነበረውም። ሐረር ላይ የደረሰው በተራው እኛ ላይ ደረሰ፤ መንገዱ ዞሮን ሄደ።

ሃይስኩል ስጨርስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ቆሞ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሀዲዱን ለማደስ ተሞክሮ ዳር አልደረሰም። ወደ ጅቡቲ ያለው ቁራጭ ትንሽ ሲንፈራገጥ ከቆየ በኋላ እሱም ጸጥ አለ። ያኔ የተጎዳው የባቡር ሠራተኛው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየጣቢያው ውሃና ምግብ የምትሸጠው ሴት፣ ከጅቡቲ ሁለት ሦስት ቁራጭ ጨርቅ ይዛ የምትገባው እናት፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሁሉም ኑሮው ከባቡሩ ፊሽካ ጋር ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። የኔ ዕድሜ እኩዮች ያቺን ሌሊት አንረሳትም። ሥራም ሰውም ያጣንበት ዘመን ነበር። ብዙ የክፍል ጓደኞቼ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሐርጌሳ፣ ወደ አረብ አገር የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አዲሱ ዘመን እንምጣ። መስከረም 2009 ቻይናዎች የሠሩት የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። የድሮው ሀዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው ፉርጎ አዲሱ ላይ አይሄድም፤ የድሮው ጥገና ቤት ሙያም ለአዲሱ አይሆንም ተብሎ ታለፈ። ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ለልጁ ጥያቄ አጭሩ መልስ ይሄ ነው፤ ባቡሩማ አለ፣ ግን በመሐላችን አያልፍም።

ከተማዋ ግን ተኝታ አልቀረችም። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገነባ፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚሁ ድሬ ተከፈተ። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን አስፍቶ፣ መብራቱን ተክሎ፣ ማታ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ የሚናፈስበት ቦታ አበጅቷል። እውነት እንነጋገር፤ እኔም ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ፣ ደስ ይለኛል። «ድሮ ቀረ» እያለ የሚያለቃቅስ ሰው አልወድም። ድሮም ሙቀት ነበር፣ ድሮም ችግር ነበር፣ አቦ!

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ታሪካችን የሚለው ግልጽ ነው። መንገድ የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ፓሪስ ተወሰነ፣ አዲስ አበባ ተወሰነ፣ ቤይጂንግ ተወሰነ። መንገድ ሲመጣ ከተማ ይወለዳል፣ ሲዞር ይደኸያል። ነጻ የንግድ ቀጠናውም ነገ ዓለም ሲለወጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ታዲያ መንገዱ ዞሮ ሲሄድ ከተማዋ እጅ ላይ ምን ይቀራል? ሕንጻ አይደለም፤ የለገሃር ሕንጻ ቆሞ አይደል እንዴ? የሚቀረው ሰው የተማረው ሙያ ነው። ጥገና ቤቱ ሲዳከም ሠራተኞቹ ተበትነው በየሰፈሩ ብየዳ ቤት፣ ጋራዥ፣ ቶርኖ ቤት ከፈቱ። በነዚያ ክፉ ዓመታት ብዙ ቤት ያበላው ያ ሙያ ነው። ስለዚህ አዲስ ፋብሪካ ሲመጣ «ስንት ሰው ቀጠረ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። «ምን አስተማረ? ፋብሪካው ቢሄድ ልጁ ምን ይዞ ይወጣል?» እንበል። ደሞዝ ወር ላይ ያልቃል፤ ሙያ ግን ልጅ ድረስ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ የራሴን ኃጢአት ልናገር። ሌላውን ብቻ ስወቅስ እንዳትሉኝ።

አባዬ አንድ ወፍራም ደብተር ነበረው። በራሱ እጅ የሣላቸው የባቡር ክፍሎች፣ ልኬታቸው፣ ከጎናቸው በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የፈረንሳይኛ ስማቸው። የስንት ዓመት ሥራ። ካረፈ በኋላ ቤቱን ስናጸዳ የብረት ሳጥኑን ከነዕቃው ቆራሌው ገዛን። መክፈት እንኳ አልከፈትኩትም። ደብተሩ ውስጡ እንደነበር የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከእናቴ ነው። ሰውዬውን ፍለጋ አሸዋን ዞርኩ፣ ቀፊራን ዞርኩ፣ ያገኘሁት የለም። ምናልባት ለውዝ ተጠቅልሎበት ይሆናል።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ። ለ40 ልጅ ሰነድ ማለት ምን እንደሆነ እያስተማርኩ፣ ቤቴ ያለውን ሰነድ በኪሎ ሸጥኩ። ክፍል ውስጥ ያ ልጅ «ባቡሩ የታለ?» ሲለኝ የከነከነኝ ለዚህ ነው። የባቡሩ አንድ ቁራጭ እኔ ቤት ነበር።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፣ ሳልሰጥ አልሸኝም። በባቡሩ፣ በሲሚንቶው፣ በጨርቃ ጨርቁ የሠራ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ጎረቤት ካላችሁ በዚህ ሳምንት አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምጻቸውን ቅረጹ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ዕቃውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁ። ሳጥን ካለ ከመሸጣችሁ በፊት ክፈቱት። ፎቶ፣ የሥራ መታወቂያ፣ የደሞዝ ወረቀት ካገኛችሁ ከታች አስቀምጡልኝ ወይ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስም አይጠቀስ ካላችሁ አይጠቀስም። የሰበሰብነውን ለያዝኳቸው ክፍሎች አስተምርበታለሁ።

ልጁንም ነገ «ባቡሩን አብረን እንፈልገው» እለዋለሁ። የመጀመሪያው ሥራው ለገሃር አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ ሰው ፈልጎ «ጋሼ፣ እስቲ ይንገሩኝ» ማለት ነው።

መልካም ምሽት፣ የድሬ ልጆች፣ ያላችሁበት ሁሉ።