የአማ ሳምባር

ህንድ አገር፣ ማይሶር ውስጥ ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁበት ቤት ሁለት ደንብ ነበረው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም፤ ሥጋና እንቁላል ደጃፉን አያልፍም። ሁለተኛው አላስጨነቀኝም። የገባሁት ዐቢይ ጾም በያዘ ሳምንት ስለነበር "እኔም ጾመኛ ነኝ" ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የቤቱ እመቤት፣ ተከራዮች ሁሉ "አማ" የምንላቸው፣ ደስ አላቸውና ያኔውኑ ምሳ አቀረቡልኝ፤ ነጭ ሩዝ፣ በላዩ ሳምባር የሚሉት የክክ ወጥ፣ በሳምባሩ ላይ ደግሞ አንድ ማንኪያ የቀለጠ ንጥር ቅቤ። ሳህኑን ገፋ አደረግሁት።

"አማ፣ ቅቤ አልበላም።"

"ቅቤ እኮ ሥጋ አይደለም።"

"ከላም ነው የሚመጣው።"

"ታዲያ ላሚቱ ሞተች?"

መልስ አጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ተራው የእሳቸው ሆነ። ኤካዳሺ የሚሉት፣ ጨረቃ ስትሞላም ስትጎድልም በአስራ አንደኛው ቀን የሚውል ጾም አላቸው፤ በዚያ ቀን እህልም ጥራጥሬም አይቀምሱም። ወተትና ፍራፍሬ ግን ይፈቀዳል። እኔ ምስሬን ያለ ቅቤ፣ እሳቸው ወተታቸውን ያለ ምስር ይዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን። እርስ በርስ እየተያየን "ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጾም ነው?" የተባባልን ይመስለኛል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

ብዙ ሰው ህንዳዊ ሁሉ ሥጋ የማይበላ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ባወጣው ዘገባ ሥጋ አንበላም ያሉት ከመቶ 39 ናቸው። ነገሩ ግን የትናንት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ አሾካ በዓለት ላይ ባስቀረጸው የመጀመሪያ አዋጅ፣ ቀድሞ በወጥ ቤቴ በየቀኑ ብዙ መቶ ሺህ እንስሳት ይታረዱ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ፒኮክና አንድ አጋዘን ብቻ ናቸው፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም ይላል። ወደፊት እነዚህም ይቀራሉ ብሎ ቃል ይገባል። የንጉሥ ቃል ነውና መፈጸሙን እንጃ፤ እኔን የገረመኝ ግን ወጥ ቤቱን በአዋጅ መናዘዙ ነው። የጄይን ሃይማኖት ተከታዮች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ፤ ሥራሥር ሲነቀል በአፈሩ ውስጥ ያለ ፍጥረት ይሞታል ብለው ድንችና ሽንኩርት አይነኩም።

ወደ ሳምባሩ ልመለስ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኩሽና እንድገባ ተፈቀደልኝ፤ እግር ታጥቤ፣ ጫማ ደጅ ትቼ። መሠረቱ ቱር የሚባለው ክክ ነው፤ የርግብ አተር ማለት ነው። ከእርድ ጋር እስኪላቁጥ ይቀቀላል። ለብቻው የሁመር ውኃ ከአትክልት ጋር ይፈላል፤ ታምሶ የተፈጨ የድንብላል፣ የአብሽ፣ የበርበሬና የሽምብራ ክክ ዱቄት ይገባበታል፤ ከዚያ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። አትክልቱ አንዳንድ ቀን የሽፈራው ፍሬ ነበር። እኛ ቅጠሉን እንበላለን፤ እነሱ እንደ በትር የረዘመውን ፍሬ ቆራርጠው ቀቅለው፣ ውስጡን በጥርስ እየጋጡ ልጡን ይተፉታል።

ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው ዋናው ሥራ። አማ በትንሽ የብረት ጭልፋ የሰሊጥ ዘይት ያግላሉ (ለእኔ ሲሉ ቅቤውን ትተው)፤ ሰናፍጭ ይጥላሉ። ፍሬው ተንጣጥቶ ጣሪያ ሊመታ ሲደርስ ደረቅ ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ፣ የካሪ ቅጠልና ሂንግ የሚባል ሙጫ በቁንጥር ይከተላል። ጭልፋው እንዳለ ሳምባሩ ውስጥ ሲጠልቅ ቸስ ይላል፤ ያኔ ክዳኑን ግጥም። እኛ ወጥ የምንጀምረው በቁሌት ነው፤ አማ ግን በቁሌት ይጨርሱ ነበር። እናቴ ብታየው "ገልብጠው ነው የሚሠሩት" ትል ነበር።

አንድ ቀን ይህን ድስት በዓመተ ምሕረት ከፋፍዬ ለማየት ሞከርኩ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቱር ህንድ ውስጥ የተገራ ጥንታዊ እህል ነው፤ እሱን ተውኩት። ሁመር አፍሪካዊ ዛፍ ነው፤ ሕንድ የገባው ግን በጣም ቀድሞ ስለሆነ ዐረቦች "የሕንድ ተምር" ብለው ሰየሙት፤ ፈረንጆችም ስሙን ከዚያው ወሰዱ። ሂንግ ያ የሚከረፋ ሙጫ ነው፤ የሚመጣው ከኢራንና ከአፍጋኒስታን ነው። ሕንዶች በዘመናቸው ሁሉ ሲበሉት ኖረው በአገራቸው ለማልማት ችግኝ የተከሉት በ2020 ነው፤ ያውም በሂማላያ ተራሮች መካከል፣ በላሃውል ሸለቆ።

በርበሬው ደግሞ ከሁሉም መጤ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት የደረሰው በ1498፣ ፖርቱጋሎች ጎዋን የያዙት በ1510 ነው፤ የአሜሪካው በርበሬ የገባው ከእነሱ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ከሚያቃጥሉት ዋናው ቁንዶ በርበሬ ነበር። የማይሶር ሰዎች ቋንቋ ይህን አልረሳም። በቋንቋቸው በካንናዳ ቁንዶ በርበሬ "ሜናሱ" ነው፤ በርበሬ ደግሞ "ሜናሲናካዪ"፣ የሜናሱ ፍሬ እንደ ማለት። መጤው በነባሩ ስም ተጠራ። እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ነው፤ በርበሬ ስሙን ጠቅልሎ ወሰደና ነባሩ "ቁንዶ" የሚል ቅጽል ለጥፎ ቀረ። ይህን ለአማ ስነግራቸው አልተደነቁም። "በርበሬ የሌለበት ሳምባር ሳምባር አይደለም" አሉና ወደ ድስታቸው ዞሩ።

ወደ እሳቸው ቤት ሳምባሩ የመጣው ከአንዲት እናት ወደ አንዲት ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አማ የታሚል ልጅ ናቸው፤ ወደ ማይሶር የመጡት ተድረው ነው። በሻንጣቸው የያዙት መጽሐፍ "ሳማይቱ ፓር" ይባላል፤ "ሠርተሽ እዪው" ማለት ነው። የሚናክሺ አማል ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በታሚል የታተመው በ1951። ሴትዮዋ ባል የሞተባቸው ነበሩ፤ ዘመዶቻቸው "ይኼ እንዴት ነው የሚሠራው?" እያሉ ደብዳቤ ሲያበዙባቸው ጻፉት። ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ የነበረው ሙያ ወደ ወረቀት ወረደ፤ መጽሐፉ ለሙሽሮች ስጦታ ሆነ። ከእናቷ ርቃ ለምትዳር ልጅ እናት በማትደርስበት የሚደርስላት ነገር ነው።

የአማ አማት ክኩን የሚቀቅሉት በናስ ድስት፣ በእንጨት እሳት ሰዓታት ጠብቀው ነበር። አማ ግን በፉጨት ነው የሚቆጥሩት። ሆኪንስ የተባለው ኩባንያ የግፊት ድስት ሥራ የጀመረው በ1959 ነው፤ ዛሬ አንዲት ህንዳዊት ክኩ ስንት ደቂቃ ይበስላል ብትባል "አራት ፉጨት" ትላለች። እኔ ይህን ባለማክበሬ ተቀጣሁ። አማ ቤተ መቅደስ ሄደው ሳለ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን ታግዬ ከፈትኩት። ክኩ ጣሪያ ላይ ተለጠፈ፤ ቢጫው ሁለት ጊዜ በኖራ ተቀብቶም ቦታው ይታወቅ ነበር። አማ ሲመለሱ ቀና ብለው አዩና፣ "ጣሪያው ጾመኛ ነው? ቅቤ ይጨመርለት?" አሉ።

ከሁሉም የቀናሁት በኢድሊያቸው ነው። ኡራድ የሚሉት የማሾ ዘመድና ሩዝ ለየብቻ ይዘፈዘፋሉ፣ ይፈጫሉ፣ ተደባልቀው ያድራሉ። እርሾ አይጨመርም፤ ጠዋት ሊጡ ክዳኑን አንስቶ ይጠብቃል። በእንጀራ ያደገ ሰው ለዚህ ነገር ልቡ ይሳሳል። ስሙ ጥንታዊ ነው፤ ከ920 ገደማ የሆነ የካንናዳ ድርሰት "ኢዳሊጌ" ይለዋል። በአስራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የንጉሥ ሶሜሽቫራ ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ማናሶላሳ፣ አሠራሩን ይነግረናል፤ ግን ሩዝ የለውም፣ ማደርም መፍላትም አልተጠቀሰም። ኬ. ቲ. አቻያ የተባሉት የምግብ ታሪክ ጸሐፊ ማቡካቱና በእንፋሎት መቀቀሉ ከኢንዶኔዥያ ሳይመጣ አይቀርም ብለው ነበር፤ ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። እኔም ለአማ አልነገርኳቸውም። ቁርስ በሚያበላኝ ሰው ፊት የማይነገር ነገር አለ።

አዲስ አበባ ስመለስ ኢድሊዬ እንቢ አለ። በማይሶር ሙቀት ሌሊቱን የሚነሳው ሊጥ እዚህ በብርዱ ሁለት ቀን ጠበቀኝ፤ በመጨረሻ የእንጀራው ቡሆቃ አጠገብ፣ ምጣዱ ሥር አስቀምጬው ነው የተነሳው።

ሳምባሩ ግን አያስቸግረኝም። ልወጣ ስል አማ የመጽሐፋቸውን የሳምባር ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርገው ሰጡኝ። ዳርና ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል፤ አማታቸው ያዘዙት የሁመር መጠን፣ የባላቸው ሐኪም ያስቀነሰው ጨው፣ ለማን እንደሆነ የማላውቀው "በርበሬ ግማሽ"። ከታች አዲስ በሆነ እርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር በታሚል አለ። አብሮኝ ይማር የነበረ የቼናይ ልጅ አነበበልኝ፤ "ለኢትዮጵያዊው፦ ቅቤ የለም፣ የሰሊጥ ዘይት። እስከ ፋሲካቸው።"