ርካሹ ሩዝ በሄይቲ

እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ፣ በፖርት ኦ ፕራንስ የድሆች ሰፈር በሲቴ ሶሌይ፣ ሴቶች ከሂንች አካባቢ የመጣ ሸክላ አፈር በጨውና በረጋ ዘይት ለውሰው፣ ጠፍጥፈው ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር። የሚሰጣው ለመብል ነበር፤ አንዱ በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ለመቶው የሚበቃው አፈር በአንድ ዓመት ውስጥ 1 ዶላር ከ50 ያህል ጨምሮ 5 ዶላር ገብቶ ነበር። አፈር ሳይቀር ተወደደ። ሁለት ኩባያ ሩዝማ 60 ሳንቲም ደርሷል።

ስለዚያ ዓመት ሲጻፍ ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው በዓለም ገበያ ላይ ነው። ገበያውም ጨክኖ ነበር። ሕንድ በ2007 መገባደጃ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ገደብ ጣለች፤ ቬትናምም እንዲሁ። በጃንዋሪ ቶኑ ከ400 ዶላር በታች የነበረው የታይላንድ ሩዝ በኤፕሪል መጨረሻ 1,000 ዶላር አለፈ። የዓለም ምርት ግን አልቀነሰም። ከሚመረተው ሩዝ ድንበር የሚሻገረው ያኔ ከመቶ 7 እጅ ያህል ብቻ ስለነበረ፣ ሁለት ሦስት ሻጮች በር ሲዘጉ ገዢው እርስ በርሱ ተሻማ።

ሄይቲስ እንዴት ገዢ ሆነች? እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ከምትበላው ሩዝ አብዛኛውን የምታመርተው ራሷ ነበረች፤ ዋናው ማሳዋም የአርቲቦኒት ሸለቆ ነው። አምባገነኑ መሪ ዱቫሊየር ከወደቁ በኋላ ገበያው ተከፈተ። በአሜሪካ ጦር ታጅበው ወደ ሥልጣን የተመለሱት ፕሬዚዳንት አሪስቲድ በ1995፣ በአበዳሪዎችና በዋሽንግተን ግፊት፣ የሩዝን ቀረጥ ወደ 3 በመቶ አወረዱት። የአሜሪካ መንግሥት የሚደጉመው «የማያሚ ሩዝ» አገሩን ሞላው። ለከተማው ድሃ ለጊዜው ረክሶለታል፤ ይህን መካድ አይገባም። የአርቲቦኒት ገበሬ ግን በዋጋ መፎካከር አቅቶት ከሰረ፤ ብዙው ማሳውን ትቶ ከተማ ገባ፤ እሱም ሸማች ሆነ። በ2008 ከሚበላው ሩዝ 80 በመቶ ያህሉ የውጭ ነበር።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 3 በደቡባዊቷ ከተማ በሌ ካይ ሰልፍ ተነሣ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ረኃቡ አንጀቴን እንደ በረኪና አቃጠለኝ የሚል ሕዝብ የዋና ከተማውን ቤተ መንግሥት በር ሊሰብር ታገለ። ሰው ሞተ። ኤፕሪል 12 ፕሬዚዳንት ፕሬቫል የ23 ኪሎው ጆንያ ከ51 ወደ 43 ዶላር እንደሚወርድ አስታወቁ። ሴኔቱ አልጠበቀም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲስን በዚያው ቀን አሰናበተ።

በእኔ ግምት የ2008ቱ ዋጋ ያስከፈለው በ1995 የተገባውን ዕዳ ነው። ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን ራሳቸው በማርች 2010 ለአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ሲናገሩ፣ ፖሊሲው የትውልድ ግዛታቸውን የአርካንሶን ገበሬዎች ጠቅሞ ሊሆን ቢችልም ለሄይቲ ስህተት እንደነበር አምነዋል። ያን ጊዜም የሩዙ ቀረጥ 3 በመቶ ነበር።