ከቤተሰብ ጋር አዲስ አበባ ስንመጣ የት እንብላ? ከጉለሌ የሚነሳ መመሪያ



አዲስ አበባ የሚመጣ ሙስሊም ቤተሰብ ሁሉ ለሽርሽር አይመጣም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከስልጤ ወይም ከባሌ ተነስቶ ጉለሌ የሚደርሰው ብዙው ሰው በሽተኛ ይዞ ነው። የቅዱስ ጳውሎስም የቅዱስ ጴጥሮስም ሆስፒታሎች የሚገኙት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። አስታማሚዋ እናት ልጆቿን ይዛ ለሳምንት ስትቆይ ማደሪያ ካገኘች በኋላ የሚያስጨንቃት የምግብ ነገር ነው። ሐላል ቤት የት እንዳለ ባለማወቅ በዳቦና በሻይ ብቻ የሚሰነብቱ አሉ። አስታማሚ ከተዳከመ ደግሞ በሽተኛውም ይጎዳል። ልጆቹን እንጦጦ ፓርክ ሊያዝናና ወይም ከሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ሊገዛ የሚመጣም ምሳ ሰዓት ላይ ይኸው ጥያቄ ይገጥመዋል።

የሙስሊም ቤትን እንዴት እንለይ?

በሀገራችን ሥጋን በተመለከተ የቆየ ልማድ አለ። ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 5 ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተጠቀሰውን ዑለማዎች በዝርዝር ያብራሩታል፤ ጥያቄ ያለው እነሱን ይጠይቅ። በተግባር ግን ቤቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ መለየቱ ከባድ አይደለም።

በሩ ወይም መስታወቱ ላይ «የሙስሊም ምግብ ቤት» ወይም «ሐላል» የሚል ጽሑፍ፣ የጨረቃና ኮከብ ምልክት፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የካዕባ ሥዕል ወይም «ቢስሚላህ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። እነዚህ ጥሩ ፍንጮች ናቸው እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። በተለይ «ሐላል» የሚለውን ቃል አልኮል አንሸጥም ለማለት ብቻ የሚጽፉ ስለሚኖሩ፣ አስተናጋጁን «ሥጋው የሙስሊም ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ማንንም አያስቀይምም። እንዲያውም ሒጃብ የለበሰች እናት ስትገባ አይተው «ይቅርታ እናቴ፣ የኛ የክርስቲያን ነው» ብለው ቀድመው የሚናገሩ ክርስቲያን አስተናጋጆች ብዙ ናቸው። ይህ ሊመሰገን የሚገባው የሀገራችን መልካም ባሕል ነው።

በሌላ በኩል ከልክ በላይ መጠራጠርም አያስፈልግም። ሰዎች ሥጋ እንደሚያመጡላቸውና የአላህ ስም ይነሳበት አይነሳበት እንደማያውቁ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በተነገራቸው ጊዜ፣ ቢስሚላህ ብለው እንዲበሉ መምራታቸውን ቡኻሪ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ሙስሊም መሆኑ በታወቀ ቤት ገብቶ ባለቤቱን በጥያቄ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

የት የት እንፈልግ?

የመጀመሪያው መንገድ መስጂድ ነው። በየትኛውም ሰፈር ብትሆኑ ከሶላት በኋላ ከጀመዓው አንዱን «እዚህ አካባቢ የሙስሊም ምግብ ቤት የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በመስጂድ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ቢያንስ አንድ ሻይ ቤት ወይም ምግብ ቤት አይጠፋም።

ከጳውሎስ አካባቢ ለተነሳ ሰው ሰፊው አማራጭ መርካቶ ነው፤ በታክሲ ቅርብ ነው። በታላቁ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ከፉልና ከሳምቡሳ እስከ ክትፎና ጥብስ ይገኛል፤ ዙህርን በጀመዓ ሰግዶ ለመብላትም ያመቻል። ከሽሮ ሜዳ የሚነሳ ደግሞ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ወደ ፒያሳ ወርዶ በኑር (በኒን) መስጂድ አካባቢ ይጠይቅ። ሩዝና የሶማሌ ምግብ ለሚወዱ ቦሌ ሚካኤል ይታወቃል፤ ከጉለሌ ግን ሩቅ ስለሆነ በሽተኛ ላለበት ሰው አይመከርም።

የሙስሊም ቤት ካልተገኘ

በሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ቤት ሁሉ የክርስቲያን ከሆነ መራብ የለም። በያይነቱ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ በአትክልት የመሳሰሉ የጾም ምግቦች ሥጋ የለባቸውም። ረቡዕና አርብ የክርስቲያኖች ጾም ስለሆነ በእነዚህ ቀናት የጾም ምግብ በየቤቱ ይገኛል። ዓሣም መታረድ ስለማያስፈልገው አማራጭ ነው። ሦስት ነገሮችን ግን ልብ በሉ።

1. አዋዜ፦ በጠጅ ወይም በአረቄ የሚበጠብጡት ቤቶች አሉ። ሳትጠይቁ አትንኩ።
2. ዘይትና ድስት፦ ዓሣው ወይም ድንቹ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይጠበስ ንገሩ።
3. መጠጥ፦ ቢራና አረቄ የሚቀርብበት ማዕድ ላይ መቀመጥ በሐዲስ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከሆነ ምግቡን አስጠቅልሎ መውሰድ ይሻላል።

ለቤተሰብ የሚመች ቤት

ሥጋው ሐላል መሆኑ ብቻ ቤቱን ለእናትና ለልጆች ምቹ አያደርገውም። ከፊት ምግብ ቤት፣ ከጓሮ የጫትና የሺሻ ክፍል የሆኑ ቤቶች አሉ። ከመቀመጣችሁ በፊት ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። በዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለሆነ፣ ጭስ ካለ አስተናጋጁን በትሕትና የማሳሰብ መብት አላችሁ።

«ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ መጋረጃ ያለው ጥግ ወይም ፎቅ ላይ ክፍል አላቸው። የእጅ መታጠቢያው ሳሙናና ውኃ እንዳለው፣ ለውዱእና ለሶላት ቦታ መኖሩን እዩ። ዋጋን አስቀድሞ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምር እንደሆነ አረጋግጡ። ለልጆች ለየብቻ ከማዘዝ አንድ ትሪ በጋራ መብላት ወጪም ይቀንሳል፣ በረካም አለው።

ጁሙዓና ረመዷን

አርብ በጁሙዓ ሶላት ሰዓት ብዙ የሙስሊም ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ብሉ ወይም ከሶላት በኋላ ጠብቁ። በረመዷን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተዘግተው ለኢፍጣር ይከፈታሉ። በሽተኛና መንገደኛ የማፍጠር ፈቃድ ያለው፣ ሕፃናትም የማይጾሙ በመሆኑ የእነሱን የቀን ምግብ ከሌሊቱ አዘጋጅቶ ማሳደር ያስፈልጋል።

ከሀገር ውጭ ለሚሄዱ

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወላጆች ሌላ አሠራር ይገጥማቸዋል። እዚያ በሰው ቃል ብቻ ሳይሆን በተቋም የምስክር ወረቀትም ይሠራል። በብሪታንያ ለምሳሌ በ1994 እና በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋሙ ሁለት የታወቁ የሐላል ተቆጣጣሪዎች አሉ። የኋለኛው እንስሳውን ከእርድ በፊት ማደንዘዝን አይቀበልም፤ የፊተኛው እንስሳውን እስካልገደለ ድረስ ይፈቅዳል። ለንደን ላይ በዋይትቻፕል ወይም በኤጅዌር ሮድ የሚበላ ሰው በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የማን እንደሆነና ጊዜው እንዳላለፈ ይመልከት። እዚያም ቢሆን መንገዱ የሚጀምረው ከመስጂድ በር ነው።

የጉለሌ ነዋሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ አደራ አለባችሁ። በሆስፒታሎቹ አካባቢ ግራ የተጋባ እንግዳ ስታዩ ቤቱን በጣት አታሳዩት፤ እስከ በሩ አድርሱት። የቻለም ከቤቱ ትኩስ ምግብ ይዞ አስታማሚዎችን ይጠይቅ። አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ሲሳያችንን ሐላል ያድርግልን። አሚን።