ሴፕቴምበር 30 ሳይደርስ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የዛሬው ትረካ የዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ዲሲ ስል ሜሪላንድንና ሰሜን ቨርጂኒያንም ጨምሬ ነው። በዚያ አካባቢ በኮምፒውተር ሙያ፣ በቋሚ ቅጥር ሳይሆን በኮንትራት የሚተዳደር የአገራችን ሰው ብዙ ነው። ከእነሱ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድማችን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ታሪኩ ግን የብዙዎች ነው።

አሜሪካ የገባው ዲቪ ደርሶት ነው። ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሠራ። እዚያችው ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ የኦራክልን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዳታቤዝ ተማረ፣ ፈተናውን አለፈ፣ ዜግነቱንም አገኘ። ከዚያ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ዳታቤዝ የሚጠብቅ ባለሙያ ሆኖ ገባ። ገባ ስላችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ ማለቴ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን የሰጠው ለአንድ ትልቅ ድርጅት ነው፤ ፕራይም ይሉታል። ፕራይሙ ከሥራው ቆንጥሮ ለሌላ ትንሽ ድርጅት ሰጠ፤ ያኛው ሰብ ነው። ሰቡ ደግሞ ሰው የሚያቀርብ ቬንደር ፈለገ። ወንድማችንን ያመጣው ቬንደሩ ነው። መንግሥት ለአንድ ሰዓት ሥራው የሚከፍለው ገንዘብ እሱ እጅ እስኪደርስ ስንት ደጃፍ እንደሚያልፍ አስቡት።

እንዲህ ያለው የፌዴራል ኮንትራት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ መነሻ ዓመትና አራት የማራዘሚያ ዓመታት ተብሎ ነው። መንግሥት ሲፈልግ ያራዝመዋል፣ ሳይፈልግ ይተወዋል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30 ነውና ኦገስት በገባ ቁጥር በየቢሮው ሹክሹክታው ይበዛል። ወንድማችን በአምስተኛው ዓመት ሹክሹክታውን ሰምቶ አለቃውን ጠየቀ። «አታስብ፣ ይታደሳል» አለው። አመነ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ፕራይሙ በጨረታው መሸነፉ ተነገረ።

ድርጅት በጨረታ በተሸነፈ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ አይበተንም። አሸናፊው ድርጅት ብዙ ጊዜ ነባሮቹን ሰዎች መልሶ ይወስዳል፤ ባጁ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ የሚለወጠው የከፋዩ ስም ነው። ወንድማችንም ይህንኑ ጠበቀ። አሸናፊው ግን ዳታቤዙን ወደ ክላውድ አዛውሬ በትንሽ ሰው አስተዳድረዋለሁ ብሎ ነበር ያሸነፈው። ለእሱ የተረፈ ወንበር አልነበረም።

እንግዲህ ፍለጋው ተጀመረ። ሬዙሜውን ሊንክዲንና ዳይስ በሚባሉት የሥራ መፈለጊያ ገጾች ላይ ለጠፈ፤ ስልኩ በአንድ ጊዜ ፋታ አጣ። ከቴክሳስ ይደወላል፣ ከኒው ጀርሲ ይደወላል፣ ከህንድ ይደወላል። ለአርሊንግተን የወጣችው አንዲት የሥራ ማስታወቂያ በብዙ አፍ ስትነገር ብዙ ሥራ ትመስላለች። ይህንን የማያውቅ ሰው በጥሪው ብዛት ይታለላል።

አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ቁጭ እንዳለ አንዱ ሪክሩተር ደወለለት። ሥራው ጥሩ ነው፣ የሰዓት ክፍያውም ደህና ነው፣ ሠራተኛ የሚፈልገውን ደንበኛ ስም ግን አልናገርም አለ። «በዚህ ሥራ እኔን የምትወክሉኝ እናንተ ብቻ ናችሁ» የሚል የስምምነት ኢሜይል ላከለት፤ ወንድማችን «እስማማለሁ» ብሎ መለሰ። በማግስቱ ሌላ ቬንደር ስለ ሌላ ሥራ ደወለ፤ እሱም ስም አልጠራም። እንደገና «እስማማለሁ» አለ። ሁለቱ ሥራዎች ለካ አንድ ነበሩ። ደንበኛው የአንድ ሰው ሬዙሜ በሁለት በር፣ በሁለት ዋጋ ሲገባ አየ። ማን ነው የዚህ ሰው ባለመብት የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት የሚፈልግ የለምና ሁለቱንም ወደ ጎን አደረጋቸው። ወንድማችን በሙያው ሳይመዘን ወደቀ። በዚህ የማይበሳጭ ሰው ካለ እኔ አላየሁም። የደንበኛውን ስም ሳይሰሙ ያንን ኢሜይል መመለስ የለም! ቬንደሩ ስሙን ካልነገረ ሥራው በእጁ ስለመኖሩም ማረጋገጫ የለም።

ቤት ውስጥም ነገሩ ጠበበ። የጤና ኢንሹራንሱን ኮብራ በሚባለው ሕግ ማስቀጠል ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር፤ ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውንም ጭምር ከራሱ ኪስ ነው። «ወደ ጋራዡ ልመለስ ይሆን?» አለ አንድ ማታ። ባለቤቱ ሳህኑን እያነሳች፣ «ጋራዡ የትም አይሄድም። አንተ ሰው ሁሉ ጋ ደውለሃል፣ አብረውህ የሠሩት ጋ ግን አልደወልክም» አለችው።

እውነቷን ነበር። ለማያውቁት ሬዙሜ ሲልክ ከርሞ ለሚያውቁት ሥራ ፈታሁ ማለት ከብዶት ነበር። እኛ ዘንድ ይህ ነገር አለ፤ ለቅሶ ለመድረስ የሚሽቀዳደም ሰው ከሥራ መውጣቱን ግን ከወዳጅ ይደብቃል። በማግስቱ ለአንዲት ወጣት ልጅ ደወለ። ቀደም ሲል እዚያው መሥሪያ ቤት አብራው ስትሠራ፣ ሲስተሙ ወድቆ ባደረ ሌሊት አጠገቧ ቁጭ ብሎ መረጃውን ከባክአፕ እንዴት እንደሚመልሱ ያስተማራት ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እስካሁን ዝም ያሉኝ ለምንድን ነው?» አለችው። «ሬዙሜዎን አሁኑኑ ይላኩልኝ። ለቬንደር እንዳይሰጡት፤ ለአለቃዬ በእጄ ነው የምሰጠው።»

ቅዳሜ ቡና ላይ ተገናኙ። ላፕቶፗን ከፍታ ሁለት የመንግሥት ገጾች አሳየችው። አንደኛው ዩኤስኤ ስፔንዲንግ ይባላል፤ የትኛው ድርጅት ከየትኛው መሥሪያ ቤት የትኛውን ኮንትራት እንደያዘ፣ ስንት ዶላር እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ለማንም ክፍት ሆኖ ተጽፏል። ሁለተኛው ሳም ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት «አቅም ያላችሁ ድርጅቶች ራሳችሁን ግለጹ» እያሉ የሚጠይቁበት። የራሱን የቀድሞ ሥራ ፈልጋ አወጣችለት። ማስታወቂያው የወጣው እሱ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ነበር፤ ክላውድ የሚለው ቃል እዚያው ተጽፏል። አለቃው ይታደሳል ሲለው ወረቀቱ ሌላ ይናገር ነበር።

ሁለቱን ገጾች በጊዜው ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል፦ ሥራው መቼ እንደሚያልቅና ቀጥሎ ምን ሙያ እንደሚጠየቅ። ተወዳዳሪ ድርጅቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨረታውን ከማሸነፋቸው በፊት ሰው ያሰባስባሉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ወንድማችን የአማዞንን የክላውድ ፈተና ተፈተነና አለፈ። ልጅቷም ቃሏን ጠበቀች፤ አለቃዋ ጠርቶ አነጋገረው፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ኮንትራት አገኘ። ሲደራደሩ በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ተቋራጭ፣ እንክፈልህ አሉት፤ የሰዓቱ ዋጋ ከፍ ያለ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አሰላ። በ1099 የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን 15.3 በመቶ ራሱ ይሸከማል፣ ሥራ ሲያጣም በመደበኛው ሕግ የሥራ አጥ ክፍያ አያገኝም። እንደ ተቀጣሪ የሚከፈልበትን ደብሊው ቱ መረጠ።

ከዚያ ወዲያ ልማዱ ተለወጠ። ሥራ ላይ እያለ ሁለቱን ገጾች ያያል፣ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ይደዋወላል፣ የሠራውን ሳይረሳው ሬዙሜው ላይ ያሰፍራል። በ2025 ክረምት የበጀቱ ወሬ ሲከፋ ከመንግሥት ውጭ ስላለ ሥራም መጠያየቅ ጀመረ፤ ከአንድ የሆስፒታል ድርጅት ጋር ንግግር ያዘ። ኦክቶበር 1 የፌዴራል መንግሥት ተዘጋ። እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን። በ2018 ማብቂያ የጀመረው መዘጋት እንኳ 35 ቀን ነበር። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2019 የወጣ ሕግ አለ፤ በሩ ሲከፈት ያለፈው ደመወዛቸው ይከፈላል። አጠገባቸው ተቀምጦ ያንኑ ሥራ ለሚሠራው ኮንትራክተር እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ይህ ትክክል አይደለም፤ ወደፊትም ትክክል አይሆንም። ወንድማችን መዘጋቱ ሳያበቃ ሆስፒታሉ ጋ ሥራ ጀመረ። እዚያ ሁለት ክፍት ቦታ እንዳለ ሲሰማም በመዘጋቱ አብረውት ሥራ ካቆሙት ባልደረቦቹ ሁለቱን ጠራ።

እንግዲህ ትረካዬ ይኸው ነው። ይህንን የምታነቡ፣ ዛሬ ባጅ አንጠልጥላችሁ ሥራ የምትገቡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቢሮአችሁ ሰው እየተፈለገ ከሆነ ማስታወቂያው እስኪወጣ አትጠብቁ። ከሥራ የወጣውን ወዳጃችሁን ዛሬ ማታ ደውሉለትና «ሬዙሜህን ላክልኝ» በሉት። እሱ አፍሮ አይደውልላችሁም።