7394 የሚባለው ቍጥርና የባሮ ውል

ሒሳብ የሚማር ሰው አንድ ትልቅ ቍጥር ሲሰጡት አስቀድሞ የሚጠይቀው ለስንት ይካፈላል ብሎ ነው። 7394ን በዚህ መንገድ ብንመረምረው ድኻ ቍጥር ሆኖ እናገኘዋለን፤ የ2 እና የ3697 ብዜት ነው፤ 3697 ደግሞ ብቸኛ ቍጥር ስለ ሆነ ከዚያ ወዲያ አይከፈልም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ቍጥርን የሚመረምሩት ሲካፈል በሚተርፈው ነው፤ በዚያ ሚዛን 7394 ብዙ ይናገራል።

ይህ ቍጥር ዓመተ ዓለም ነው፤ 5500 ዓመተ ኵነኔ በ1894 ዓመተ ምሕረት ላይ ሲደመር ይገኛል። በዚያ ዓመት ግንቦት 7 ቀን ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪንግተን በአዲስ አበባ ውል ተፈራረሙ። እንግሊዝና የሱዳን መንግሥትም በባሮ ዳር፥ በኢታንግ አቅራቢያ፥ ለንግድ ጣቢያ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። ጣቢያው የቆመው በጋምቤላ ነው፤ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በፈረንጆች 1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። 7394 ለ4 ሲካፈል 1848 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ባይተርፍ ዮሐንስ በሆነ ነበር፤ 2 ስለ ተረፈ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 1848ን በ7394 ላይ ደምረን ለ7 ስናካፍል እንደ ገና 2 ይተርፋል፤ ይኸውም መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ዋለ ማለት ነው።

ፋሲካን ለማግኘት ቍጥሩ ለ532 ይካፈላል፤ 478 ይተርፋል። 478 ለ76 ሲካፈል 22፥ 22 ለ19 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 532ም 76ም የ19 ብዜቶች ስለ ሆኑ በቀጥታ ለ19 ብናካፍልም ያው 3 ነው፤ ሆኖም በቃሉ ለሚያሰላ ተማሪ ቍጥርን ደረጃ በደረጃ ማሳነስ የሚቀል ይመስለኛል። ከ3 አንድ ሲቀነስ ወንበር 2 ይሆናል። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ስለሚበልጥ 2 ጊዜ 11፥ አበቅቴ 22 ነው፤ 30 ለመሙላት የጐደለው 8 መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለሚያንስ በዓሉ ጥቅምት 8 ቀን ይውላል፤ ዕለቱ ዓርብ ነበረ። የዓርብ ተውሳክ 2 ሲጨመር 10፤ ጾመ ነነዌ ሰኞ የካቲት 10 ቀን ገባ። ከዚያ በ69 ቀን ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን ዋለ።

እንግዲህ ውሉ የተፈረመው ፋሲካ ካለፈ 18 ቀን በኋላ፥ በዕለተ ሐሙስ ነው። የሃሪንግተን አገር ሰዎች ግን ትንሣኤን መጋቢት 21 ቀን፥ ከእኛ አራት ሳምንት ቀድመው አክብረው ነበር። ለእነርሱም ዓመቱ 1902 እንጂ 1894 አልነበረም።

ሁለቱ ቍጥሮች ዛሬም ይገናኛሉ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በሰፈሩበት በጀዊ አንዱ ወረቀት በፈረንጆች ዘመን፥ ሌላው በኢትዮጵያ ዘመን ይጻፋል። በፈረንጆች በ2000 የተወለደ ልጅ ቍጥሩ ሳይለወጥ በእኛ መዝገብ ቢገለበጥ፥ ልደቱ ከመስከረማችን በፊት ከሆነ 8 ዓመት፥ በኋላ ከሆነ 7 ዓመት ከዕድሜው ይጐድልበታል። የ18 ዓመት ወጣት በወረቀት የ10 ወይም የ11 ዓመት ሕፃን ይሆናል።