ከኮከብ እስከ መቶኛ፦ ፊልምን የመመዘን አጭር ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት ነበር?» የሚል ነው። ለዚህች አጭር ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ ከቃል ወደ ኮከብ፣ ከኮከብ ወደ አውራ ጣት፣ ከአውራ ጣትም ወደ መቶኛ ተሸጋግሯል። በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ስለ አንድ ፊልም ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣልኝ መልስ ቁጥር ነው፤ «ስምንት ነጥብ አንድ አለው» ይሉኛል። «ማን ሰጠው? ስንት ሰው? ምን ተብሎ ተጠይቆ?» ስል ግን ክፍሉ ዝም ይላል። የዛሬው ንግግሬ ያንን ዝምታ በታሪክ ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። እያንዳንዱ የፊልም መመዘኛ የተፈጠረው ለአንድ የተወሰነ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ጥያቄው ተረስቶ መልሱ ብቻውን ሲቀር ቁጥሩ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ ይቆጠራል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ነገሩን ከጋዜጣ እንጀምር። በ1908 በኒው ዮርክ ይታተም በነበረው «ድራማቲክ ሚረር» በተሰኘ የቴያትር ጋዜጣ ላይ ፍራንክ ዉድስ ስለ ፊልሞች አስተያየት መጻፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ፊልም ከዐሥር ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ፣ የተማረው ሰው የሚንቀው የድኻ መዝናኛ ነበር። የዉድስ ሥራ ትልቅነት ለተናቀው ነገር ምክንያት የታከለበት ፍርድ መስጠቱ ላይ ነው፤ ታሪኩ ይያያዛል ወይ፣ ተዋናዩ ይታመናል ወይ እያለ ጻፈ። በዚያ ዘመን አስተያየት ማለት ዓረፍተ ነገር ነበር።

ኮከብ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በሐምሌ 1928 የኒው ዮርኩ «ደይሊ ኒውስ» ጋዜጣ ጸሐፊ አይሪን ቲረር «ዘ ፖርት ኦቭ ሚሲንግ ገርልስ» ለተባለው ፊልም አንድ ኮከብ ሰጠች። ሦስት ኮከብ እጅግ ጥሩ፣ ሁለት ጥሩ፣ አንድ መካከለኛ ማለት ሲሆን ምንም ኮከብ ያልተሰጠው ፊልም መጥፎ ነበር። ይህ ጋዜጣ በባቡርና በመንገድ ላይ የሚነበብ፣ ለሠራተኛው ሕዝብ የተዘጋጀ መሆኑን ልብ በሉ። ኮከቡ ይመልስ የነበረው ጥያቄ «ገንዘቤን ዛሬ ማታ የት ላውል?» የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው፤ ከዚህ በላይ የሆነ ክብር ቲረር ራሷም አልጠየቀችለትም።

ከዚያ ተነሥተን ወደ ፓሪስ ስንሻገር ያው ኮከብ ሌላ ሥራ ሲሠራ እናገኘዋለን። «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለው መጽሔት በ1955 «የዐሥሩ ጉባኤ» የሚል ሠንጠረዥ ማውጣት ጀመረ። በአንድ በኩል ፊልሞቹ፣ በሌላ በኩል የዐሥር ሐያሲያን ስሞች ይደረደራሉ፤ በየመገናኛው ላይ ከአንድ እስከ አራት ኮከብ ይቀመጣል፤ «አትድከሙ» ለማለት ደግሞ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚያስደንቀኝ አማካይ ውጤት አለመኖሩ ነው። አንዱ ሐያሲ አራት ኮከብ የሰጠውን ሌላው በጥቁር ነጥብ ይጥለዋል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታተማሉ። አንባቢው ከፍርዱ ይልቅ ልዩነቱን ያያል፤ ልዩነቱን ሲያይ ደግሞ «ለምን?» ብሎ ወደ ጽሑፉ ይገባል። እዚህ ላይ ኮከብ የክርክር መግቢያ በር ነበር።

በቺካጎ የሆነውም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። የሁለት ተፎካካሪ ጋዜጦች ሐያሲያን የነበሩት ጂን ሲስከልና ሮጀር ኢበርት በ1975 በአንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጎን ለጎን ተቀምጠው መከራከር ጀመሩ። በ1980ዎቹ አውራ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማድረጋቸው የዝነኛ ምልክታቸው ሆነ። ሰው ዛሬ የሚያስታውሰው ጣቱን ነው፤ ተመልካቹ በየሳምንቱ የሚጠብቀው ግን ከጣቱ በፊት የነበረውን ክርክር ነበር። ኢበርት ኮከብ አንጻራዊ መሆኑን ለአንባቢዎቹ በተደጋጋሚ አስረድቷል፤ አንድ አስቂኝ ፊልም የሚመዘነው ከሌላ አስቂኝ ፊልም ጋር እንጂ ከከባድ ሰቆቃ ጋር አይደለም። እንግዲህ በእርሱ እጅ አራት ኮከብ ያገኙ ሁለት ፊልሞች እኩል ናቸው ማለት አይቻልም።

ሐያሲው እንዲህ ሲከራከር ተራው ተመልካችስ? ኤድ ሚንትስ የተባለ አሜሪካዊ በ1978 ሐያሲያን ያሞገሱትን አንድ አስቂኝ ፊልም ገብቶ አይቶ ሳይወደው ወጣ። ከዚያ ብስጭት «ሲኒማስኮር» የተባለው ድርጅት ተወለደ። የድርጅቱ ሠራተኞች ፊልም በሚከፈትበት ምሽት በሲኒማ ቤት በር ላይ ቆመው ከሚወጣው ሰው ካርድ ይሰበስባሉ፤ ውጤቱም እንደ ትምህርት ቤት በፊደል ይገለጻል። ይህ መመዘኛ የሚጠይቀው «በማስታወቂያ የተነገረህን አገኘህ ወይ?» የሚለውን ነው። በ2017 የዳረን አሮኖፍስኪ ፊልም «ማዘር!» ከተመልካቹ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ፊደል ኤፍን ሲያገኝ አብዛኞቹ ሐያሲያን ግን ደግፈውት ነበር። በእኔ እምነት ከሁለቱ ወገኖች የተሳሳተ የለም። አንደኛው ወገን የሚያስፈራ ፊልም ጠብቆ ገብቶ ምሳሌያዊ ታሪክ ተሰጠው፤ ሌላኛው ወገን የመዘነው ምሳሌውን ነው። ጥያቄያቸው የተለያየ ነበር።

የበይነ መረብ ዘመን ሲመጣ ጥያቄዎቹ ሁሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቀለሉ። በ1990 የተጀመረው አይኤምዲቢ የተመልካቾችን ነጥብ ከአንድ እስከ ዐሥር ይሰበስባል፤ በ1998 የተመሠረተው ሮተን ቶሜቶስ የሐያሲያንን ድጋፍ በመቶኛ ያሳያል። የመቶኛውን አሠራር በምሳሌ ልግለጽ። ዐሥር ሐያሲያን አንድን ፊልም አይተው ሁሉም ከዐሥር ስድስት ሰጡት እንበል። ሁሉም «ደኅና ነው» ስላሉ ውጤቱ መቶ በመቶ ይሆናል። ሌላ ፊልም ደግሞ ሰባቱ ሐያሲያን ዐሥር ከዐሥር፣ ሦስቱ አራት ሰጡት እንበል፤ የዚህኛው ውጤት ሰባ በመቶ ነው፤ ምንም እንኳ አማካዩ ስምንት ነጥብ ሁለት ቢሆን። ማንንም የማያስቀይመው ፊልም መቶ አገኘ፤ ሰባት ሰዎችን ያስደነቀው ሰባ አገኘ። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። የሚመልሰው ጥያቄ «ከሐያሲያን ስንቱ በጎ ተናገሩ?» የሚለውን ነው። «ፊልሙ ምን ያህል ታላቅ ነው?» ብሎ የሚያነብበው ሰው ግን ራሱን ያታልላል።

ጊዜም ራሱን የቻለ መዛኝ ነው። የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ሐያሲያንን እየጠየቀ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ዝርዝር ያወጣል። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የወጣው ከአራት ዓመት በፊት የተሠራው የጣሊያኑ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። በዚያ ዝርዝር ከዐሥሩ ውስጥ ያልገባው «ሲቲዝን ኬን» ከ1962 እስከ 2002 በተከታታይ አንደኛ ሆነ። በ2012 «ቨርቲጎ» ተካው። በ2022 ደግሞ ከ1,600 በላይ ሰዎች ድምፅ ሲሰጡ፣ ቤልጅጋዊቷ ሻንታል አኬርማን በ1975 ያወጣችው፣ የአንዲትን የቤት እመቤት ሦስት ቀናት ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያሳየው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ፤ ሴት ያዘጋጀችው ፊልም በዚህ ዝርዝር አናት ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ከእነዚህ ፊልሞች አንዱም በሰባ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው የተጠየቀው ሰውና የሰውየው ዘመን ነው።

ይህ ሁሉ እኛን በምን ይመለከተናል?

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝብ አፍ «ሰይጣን ቤት» ተባለ። ይህ ስያሜ በአገራችን ለፊልም የተሰጠ ቀደምት የሕዝብ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ። በሁለት ቃል ያለቀ ቢሆንም ምክንያቱን በውስጡ ይዟል፤ በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ምስል ከሰው እጅ የወጣ ሥራ አይመስልም የሚል ነው። አጭር ፍርድ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ማኅሌት ጥሩ ቅኔ ሲሰማ «ይበል!» ይባላል፤ ይህም ወደ ላይ የተነሣ አውራ ጣት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በቅኔ ቤት ነገሩ በ«ይበል» አያበቃም። ቅኔው ይፈታል፤ ሰሙ ከወርቁ ይለያል፤ ደቀ መዝሙሩም ለምን እንዲያ እንዳለ ይጠየቃል። ሙገሳው በፍቺ ይጸናል።

በዘመናዊው ኪነ ጥበባችን ግን ይህ ሁለተኛው ክፍል ደክሟል። ከምክንያቶቹ አንዱ በቃሉ ላይ የደረሰው ነገር ይመስለኛል። «ሒስ» የሚለው ቃል በደርግ ዘመን «ሒስና ግለ ሒስ» ከሚባለው ስብሰባ ጋር ተቆራኝቶ የክስና የኑዛዜ ጠረን ያዘ። እስከ ዛሬ ድረስ «ፊልምህን ልተች» ሲባል «ምን በድዬህ ነው?» የሚል ስሜት የሚቀሰቀሰው በከንቱ አይደለም። በመሐል የቀሩልን ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ የወዳጅ ጭብጨባና የጠላት ስድብ።

ቁጥሩስ ያግዘናል ወይ? አይኤምዲቢ በምርጥ 250 ፊልሞች ዝርዝሩ ለመግባት ቢያንስ የ25,000 ሰዎችን ድምፅ ይጠይቃል። ይህ ደንብ ክፋት የለበትም፤ ጥቂት ወዳጆች ተባብረው አንድን ፊልም እንዳይሰቅሉት ይጠብቃል። ሆኖም በአማርኛ የሚናገር ፊልም አብዛኛው ተመልካቹ በዚያ መዝገብ ላይ ድምፅ የማይሰጥ በመሆኑ ለእርሱ ይህ ደፍ እጅግ ከፍ ያለ ነው። በዝርዝሩ ላይ አለመታየት መጥፎነት አይደለም፤ አልተቆጠረም ማለት ነው። በሩቅ የሚያነብብ ሰው ግን ሁለቱን አይለይም።

ያልተቆጠረ ፊልም እንዴት እንደሚኖር የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ያስተምረናል። ይህ ስለ ባርነት የሚተርክ ፊልም በ1993 ሲወጣ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አጣ። አዘጋጁ ራሱ ከደጋፊዎቹ ጋር አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ወደ ከተማ አዞረው። ፊልሙን ያቆመው ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ቃል ነበር፤ ያየ ሰው ላላየው ነገረ፤ ቤተሰብ ቤተሰብን ይዞ መጣ። ያ ቃል ምክንያት ነበረው፤ «ይህ የእኛ ታሪክ ነው፤ እንዲህ ሆኖ ተነግሮ አያውቅም» የሚል። በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ፣ ወደዚያ ያደረሰው ለሠላሳ ዓመት ገደማ ሲነገር የኖረ የተመልካች ምስክርነት ነው። ያው አዘጋጅ «ጤዛ» በተሰኘው ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። አንዱን ዳኛ፣ ሌላውን ሕዝብ መረጠው፤ ከሁለቱ «የትኛው ይበልጣል?» ለሚለው ግን ሽልማቶቹ መልስ አይሆኑም።

እንደ ታሪክ ተማሪ የሚያሳስበኝን በመጨረሻ ልናገር። ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ስለ ብዙዎቹ ዛሬ የምናውቀው እንደ ዉድስ ያሉ ሰዎች በጋዜጣ ጥለውት ካለፉት ዓረፍተ ነገር ነው። የእኛም ፊልሞች ከዚህ አደጋ ነጻ አይደሉም። ካሴት ይበላሻል፤ ሲዲ ይጫጫራል፤ የኮምፒውተር ቋት ይቃጠላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለዚህ ዘመን የአማርኛ ፊልም የሚያጠና ሰው «ስድስት ነጥብ ሦስት» የሚል ቁጥር ብቻ ቢያገኝ ከቁጥሩ ምን ይማራል? ተመልካቹ የት ላይ እንደ ሳቀ፣ የትኛው ንግግር እንደ ከበደው፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ጎረቤቱን እንዳስታወሰው ቁጥሩ አይነግረውም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ አጭር ነው። ኮከብ መስጠትን አልከለክልም፤ ለቸኮለ ሰው ይጠቅማል። ከኮከቡ ሥር ግን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፦ ፊልሙ ምን ለማድረግ ተነሣ? የት ላይ ተሳካለት፣ የትስ ላይ ወደቀ? እናንተ ደግሞ ከየት ሆናችሁ አያችሁት? ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ አንባቢ የእናንተን ሚዛን ካወቀ ፍርዳችሁን ባይቀበል እንኳ ይጠቀምበታል። «ይበል» በሉ፤ ከዚያም ፍቱት።